ልጆችን ቤት ማስተማር በመጸው ሲከብድ፦ የጠፋውን ደስታ ደረጃ በደረጃ መመለስ

ልጆቻቸውን ቤት የሚያስተምሩ ክርስቲያን ወላጆች ደጋግመው የሚነግሩኝ ነገር አንድ ዓይነት ነው። ትምህርቱን በደስታ ይጀምራሉ። አዲስ ደብተር፣ አዲስ ፕሮግራም፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጥቅስ። ከዚያ አምስተኛው ወይም ስድስተኛው ሳምንት ላይ፣ ውጭ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር፣ የቤቱም ነገር አብሮ ይረግፋል። እናት ትጮኻለች። ልጅ ሒሳቡ ላይ ያለቅሳል። የጠዋት ጸሎት "ዝም ብላችሁ ተቀመጡ!" የሚባልበት ሰዓት ይሆናል።

እኛም ቤት ሆኗል። አንድ ጠዋት የስምንት ዓመት ልጄ እርሳሱን አስቀመጠና "እማዬ፣ ሒሳቡን ካልጨረስኩ እግዚአብሔርም ይቆጣል?" አለኝ። የዚያን ቀን ደብተሩን ዘጋሁት። እዚህ የጻፍኩት ከዚያ በኋላ በየመጸው የምንከተለው ቅደም ተከተል ነው። ሁለት ሳምንት ይፈጃል።

ደረጃዎቹን አትዝለሉ። ብዙ ሰው የሚወድቀው ደረጃ 4 ላይ ካለው የእግር ጉዞ ስለሚጀምር ነው። ሸክሙ ሳይቀንስ የተጨመረ ጉዞ ሌላ ሸክም ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

የምትኖሩበት አገር ሕግ ምን እንደሚጠይቅ እዩ። ቤት ማስተማር አንዳንድ ቦታ ምዝገባና የትምህርት ሰዓት መዝገብ ይፈልጋል። ጀርመንን በመሳሰሉ አገሮች ደግሞ በመሠረቱ አይፈቀድም። ከታች "ቀንሱ" ስል በሕግ የተቀመጠውን ሰዓት ሳትነኩ ነው።

ከባለቤታችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ይህን ልጆቹ ሲተኙ አድርጉት። አንዱ ወገን "ልጆቹ ወደ ኋላ ሊቀሩ ነው" ብሎ እየፈራ ሌላው ትምህርት ከቀነሰ፣ ጭቅጭቁ ሳምንት ሳይሞላ ይመጣል። "ለሁለት ሳምንት ብቻ እንሞክረው፣ ከዚያ አብረን እናየዋለን" በሉ። ልጆቹን ብቻችሁን የምታሳድጉ ከሆነ ደግሞ የምታምኑትን አንድ ሰው ጠርታችሁ አማክሩ። ሰው የሚያስፈልገው ለፈቃድ ሳይሆን በሦስተኛው ቀን ስትደክሙ እንዲያበረታችሁ ነው።

እነዚህን አዘጋጁ፦ አንድ ትልቅ ወረቀት፣ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ባዶ ደብተር፣ የዝናብ ልብስ፣ ለቅጠል መሰብሰቢያ ከረጢት። ለደረጃ 5 ሙከራ ከሚያስፈልገው በቀር ሌላ ምንም አትግዙ። አዲስ የማስተማሪያ መጽሐፍ መግዛት የሚያምራችሁ በትክክል በዚህ ሰዓት ነው። ታገሡ።

ደረጃ 1፦ ሦስት ቀን ምንም ሳትለውጡ ተመልከቱ

ትልቁን ወረቀት ፍሪጁ ላይ ለጥፉ። ለሁለት ክፈሉት። በአንድ በኩል ቤቱ የተረበሸበትን፣ በሌላው በኩል ሰው የሳቀበትን ሰዓት ጻፉ። ምክንያት አትጻፉ። ሰዓቱንና የነበረውን ሥራ ብቻ። "ከቁርስ በኋላ፣ ድርሰት፣ ለቅሶ።" "ሳህን ስናጥብ፣ ሳቅ።"

በሦስተኛው ቀን ማታ አንብቡት። አብዛኛውን ጊዜ ረብሻው በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ላይ ተከማችቶ ታገኙታላችሁ። ቀኑ ሙሉ የተበላሸ ይመስለን የነበረው፣ ያቺ ሰዓት ጥላዋን ሁሉም ላይ ስለጣለች ነው።

*ከተሳሳተ፦* ልጆቹ "እኔን ነው የምትጽፉት?" ብለው ከተቀየሙ ስም አለመጻፋችሁን አሳዩአቸው። የራሳችሁንም ጩኸት ጻፉ። የኔ ወረቀት ላይ ከልጆቹ ይልቅ እኔ በዝቼ ነበር።

ደረጃ 2፦ ቀንሱ

የምታስተምሩትን ሁሉ በአንድ ወረቀት ዘርዝሩ። ከዚያ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦

1. ንባብ፣ ጽሕፈትና ሒሳብ ላይ ምልክት አድርጉ። እነዚህ በየቀኑ ይቀጥላሉ።
2. የቀሩትን ሁሉ በሳምንት ለአንድ ወይም ለሁለት ከሰዓት አከፋፍሉ። በአንድ ከሰዓት ከአንድ ትምህርት በላይ አታድርጉ።
3. በደረጃ 1 ወረቀት ላይ ረብሻ የበዛበትን ትምህርት ከቦታው አንሱ። ጠዋት ልጁን የሚያስለቅስ ድርሰት፣ ምግብ በልቶ ትንሽ ከተጫወተ በኋላ ሌላ ድርሰት ነው።
4. የእያንዳንዱን ትምህርት ርዝመት አሳጥሩ። ለስድስትና ለሰባት ዓመት ልጅ 15 ደቂቃ የተሰበሰበ ልብ፣ ከአንድ ሰዓት ማፍጠጥ ይበልጣል። የሰዓት ደወል ሙሉ። ሲጮህ ዓረፍተ ነገሩ ባያልቅም አቁሙ።

አራተኛው ለወላጅ ከባዱ ነው። "አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የቀረው" እንላለን። ልጁ ግን ያን ጊዜ የሚማረው ደወሉ ውሸት መሆኑን ነው። በማግስቱ ደወሉን አያምንም፤ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ይጎተታል። ስለዚህ ቃላችሁን ጠብቁ።

*ማስጠንቀቂያ፦* ልጁ ፊት "አልቻልክም፣ ስለዚህ ቀነስንልህ" አትበሉ። ቅነሳው ቅጣት ወይም ምሕረት መምሰል የለበትም። "በዚህ ወቅት ፕሮግራማችን እንዲህ ነው" ማለት ይበቃል።

ደረጃ 3፦ የጠዋቷን 20 ደቂቃ አስተካክሉ

እዚህ ላይ ረጋ በሉ፤ ቀሪው ቀን የሚንጠለጠለው በዚህች ላይ ነው።

ዘዳግም 6፥7 ስለ እግዚአብሔር ቃል ሲናገር "ለልጆችህም አስተምረው" ይልና ወረድ ብሎ "በቤትህም ስትቀመጥ፥ በመንገድም ስትሄድ፥ ስትተኛም፥ ስትነሣም ተጫወተው" ይላል። ተጫወተው! ብዙዎቻችን "አስተምረው" የሚለውን ይዘን "ተጫወተው" የሚለውን ጥለነዋል። ጨዋታ ማለት ወግ ነው። ሁለት ሰው ይናገራል፣ ሁለት ሰው ይሰማል። የጠዋት ጸሎታችሁ አንድ ሰው ብቻ የሚናገርበት ከሆነ ችግሩ እዚያ ነው።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

1. ቁጭ በሉ፤ ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጡ። የናንተን ስልክ ማለቴ ነው።
2. አንድ መዝሙር ዘምሩ። ለሳምንቱ ያው አንድ መዝሙር ይሁን። አርብ ላይ ትንሹም ልጅ ያውቀዋል።
3. አጭር ክፍል አንብቡ። ከስምንት እስከ አሥር ቁጥር። ማንበብ የሚችል ልጅ ካለ እሱ ያንብብ።
4. ልጁ በራሱ አፍ ይንገራችሁ። "ምን ሰማህ?" ብቻ ብላችሁ ጠይቁ፤ ከዚያ ዝም በሉ። ዝምታው ሲረዝም አትሙሉት። ልጅ ሐሳቡን እስኪሰበስብ ጊዜ ይፈልጋል።
5. አንድ አንድ ምስጋና። እያንዳንዱ ሰው ትናንት ያየውን አንድ ነገር ይጥራ። "ስለ ሁሉም ነገር" አይቆጠርም። "ስለ ድመቷ"፣ "አባዬ ቶሎ ስለመጣ" ይቆጠራል።
6. አጭር ጸሎት። በተራ። የናንተ ተራ ሲደርስ ጸሎቱን ለልጁ መምከሪያ አታድርጉት። "ጌታ ሆይ፣ እህቱን የሚመታውን ልጅ…" የሚል ጸሎት ልጁ ያውቀዋል፤ ስድብ መሆኑንም ያውቃል።

ለመጀመሪያው ሳምንት ዘፍጥረት 8፥22ን ያዙ፦ "በምድር ዘመን ሁሉ መዝራትና ማጨድ፥ ብርድና ሙቀት፥ በጋና ክረምት፥ ቀንና ሌሊት አያቋርጡም።" በደረጃ 4 እና 5 የምትሠሩት ሁሉ ከዚህ ጥቅስ ጋር ይያያዛል።

*ከተሳሳተ፦*

ትንሹ ልጅ ካልተቀመጠ፣ እጁ ላይ ሥራ ስጡት። እርሳስና ወረቀት፣ ወይም የሚደረደር ነገር። እጁ ሲይዝ ጆሮው ይከፈታል።

ጎረምሳው ካኮረፈ አታስገድዱት። ይቀመጥ፣ ዝም ይበል። ምስጋና ሲደርሰው "እለፈኝ" ማለት ይፈቀድለት። ባለፈ ቁጥር ፊታችሁን አታጥቁሩ። ማታ ብቻችሁን ስትሆኑ "ጠዋት ዝም ብለህ ነበር፣ ደህና ነህ?" በሉት። ጎረምሳ እውነተኛ ጨዋታውን የሚያመጣው አብዛኛውን ጊዜ ማታ ነው። "ስትተኛም" የሚለውን ቃል ያስታውሱ።

ሕፃኑ ካለቀሰ መዝሙሩንና ምስጋናውን ብቻ አድርጉ፣ ሌላውን ተዉት። አምስት ደቂቃ ሆነ ማለት አልተደረገም ማለት አይደለም።

ደረጃ 4፦ በሳምንት ሁለት ጊዜ ውጡ

ከምድር ወገብ በስተሰሜን መጸው የሚገባው መስከረም 12 ገደማ ቀንና ሌሊት ሲስተካከሉ ነው፤ በስተደቡብ ላላችሁ ደግሞ መጋቢት 11 ገደማ። ከዚያ በኋላ ቀኑ ከሌሊቱ እያጠረ ይሄዳል። ከምድር ወገብ በራቃችሁ መጠን የማጠሩ ፍጥነት ይጨምራል። በምድር ወገብና በዋልታ መካከል ባለው የዓለም ክፍል፣ 45 ዲግሪ ኬክሮስ አካባቢ፣ በየቀኑ ወደ 3 ደቂቃ ብርሃን ይጠፋል። በሳምንት 20 ደቂቃ መሆኑ ነው። "ከሰዓት በኋላ እንወጣለን" ያለ ቤተሰብ በሦስት ሳምንት ውስጥ በጨለማ የሚወጣው ለዚህ ነው። ስለዚህ መውጫውን ከጠዋቱ ትምህርት በኋላ ወዲያው አድርጉት።

1. ቀኑን አስቀድማችሁ ወስኑ፤ ለምሳሌ ማክሰኞና ሐሙስ።
2. ልብስና ጫማ ማታ በር ላይ ይደርደር። ጉዞው የሚቀረው ብዙውን ጊዜ በጠፋ ካልሲ ምክንያት ነው።
3. አንድ ዛፍ ምረጡ። አንድ ብቻ። በየሳምንቱ ወደዚያው ዛፍ ሂዱ። ቅጠሉን የሚያረግፍ ዓይነት መሆን አለበት።
4. ከሥሩ አሥር ደቂቃ ተቀመጡ። ልጆቹ ያዩትን በደብተራቸው ይሳሉ፤ ቀኑን ይጻፉበት።
5. ሦስት ነገር ሰብስቡ፦ አሁንም አረንጓዴ የሆነ ቅጠል፣ የቢጫ ቅጠል፣ የወደቀ ደረቅ ቅጠል። አረንጓዴዎቹ ስድስት ወይም ሰባት ይሁኑ፣ ለደረጃ 5 ትፈልጓቸዋላችሁ።

ከዚያ ቅጠል የረገፈበትን ቅርንጫፍ ወደ ዓይናችሁ አስጠጉ። ቅጠሉ የነበረበት ቦታ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለ። ዛፉ ቅጠሉ ከመውደቁ በፊት በቅጠሉ አንገትና በቅርንጫፉ መካከል ቡሽ የሚመስል ሽፋን ሠርቶ ቁስሉን ዘግቶታል። አሁን ከጠባሳው በላይ ተመልከቱ። ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ፣ ጥብቅ ብላ የተዘጋች እምቡጥ ታያላችሁ። የሚቀጥለው ወቅት ቅጠል ናት። የተሠራችው ቅጠሉ ከረገፈ በኋላ ሳይሆን ገና አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ነው። ልጆቹ በጣታቸው ይንኳት። ምንም አትስበኩ። እኔ ሴት ልጄ ጣቷን እምቡጧ ላይ አድርጋ "አስቀድሞ አዘጋጅቶላት!" ስትል ከዚያ የተሻለ የምለው አልነበረኝም።

*ማስጠንቀቂያ፦* እንጉዳይ አይነካ፣ በፍጹም አይቀመስ። የማታውቁትን ተክል አትቅጠፉ። ረዥም ሣር ውስጥ ከገባችሁ ቤት ስትመለሱ የልጆቹን ብብት፣ ከጉልበት በስተኋላና ከጆሮ ጀርባ ለመዥገር ፈትሹ።

*ከተሳሳተ፦* ከባድ ዝናብና ነፋስ ከሆነ መስኮት ላይ ቁጭ ብላችሁ ያንኑ ዛፍ ወይም የሚታየውን ሌላ ዛፍ ሳሉ። ካፊያ ከሆነ ግን ውጡ። ልጆቹ መንገድ ላይ ተጣልተው ከተመለሳችሁም ጉዞው ከሽፏል አትበሉ። እዚያው ዛፍ ጋ ሐሙስ ትመለሳላችሁ።

ደረጃ 5፦ በቅጠሉ ውስጥ የተደበቀውን ቢጫ አውጡ

ይህ ሙከራ በወቅቱ ውስጥ አንዴ ይደረጋል። ሁለት ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ከሥራው ግን አብዛኛው መጠበቅ ነው።

የሚያስፈልገው፦ የሰበሰባችሁት አረንጓዴ ቅጠል፣ ትንሽ የመስታወት ብርጭቆ፣ ለቁስል ማጽጃ የሚሸጠው አልኮል፣ የቡና ማጣሪያ ወረቀት፣ ጎድጓዳ ሳህን፣ የቧንቧ ሙቅ ውኃ፣ እርሳስ፣ ፕላስተር።

1. ቅጠሉን በጣም ቆራርጣችሁ ብርጭቆው ውስጥ ጨምሩ።
2. ቅጠሉን እስኪሸፍነው ብቻ አልኮል አፍሱበት። በማንኪያ ጀርባ ጨፍልቁት።
3. ብርጭቆውን በፕላስቲክ ሸፍኑት፤ ሙቅ ውኃ በያዘው ሳህን ውስጥ አስቀምጡት።
4. ቢያንስ 30 ደቂቃ ጠብቁ። በየአምስት ደቂቃው ቀስ ብላችሁ አወዛውዙት። ውኃው ከቀዘቀዘ ቀይሩት። አልኮሉ ጥቁር አረንጓዴ ሲሆን ደርሷል።
5. ከማጣሪያው ወረቀት ጣት የሚያህል ቁራጭ ቁረጡ። አንዱን ጫፍ እርሳሱ ላይ በፕላስተር ለጥፉ። እርሳሱን ብርጭቆው አፍ ላይ አጋድሙት። የወረቀቱ ሌላ ጫፍ አልኮሉን ይንካ፣ ግን አይስመጥ።
6. ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ተዉት። ከዚያ አውጥታችሁ አድርቁት።

ወረቀቱ ላይ ከአረንጓዴው ሌላ ቢጫ መስመር ይታያል። ቢጫው ሁልጊዜም እዚያ ነበር። ክሎሮፊል የሚባለው አረንጓዴ ቀለም በዝቶ ስለሸፈነው ነው ያላየነው። ብርሃኑ ሲያጥር ዛፉ ክሎሮፊል መሥራቱን ይቀንሳል፣ ያለውም ይፈርሳል፣ ካሮቲኖይድ የተባለው ቢጫ ቀለም ይወጣል። ቀዩ ግን ሌላ ነው። አንቶሳያኒን ይባላል፤ በብዙ ዛፎች የሚሠራው በመጸው ቅጠሉ ውስጥ ከቀረው ስኳር ነው። ቀኑ ፀሐያማ፣ ሌሊቱ ሳያመዳይ ቀዝቃዛ ሲሆን ቀዩ ይደምቃል።

*ማስጠንቀቂያ፦* አልኮል ይቀጣጠላል። ምድጃ፣ ሻማ ወይም ማንኛውም እሳት አጠገብ አይሁን። ውኃውን ከቧንቧ ውሰዱ እንጂ አልኮሉን በፍጹም አታሙቁት። መስኮት ክፈቱ። አልኮሉን የሚያፈስ አዋቂ ነው።

*ከተሳሳተ፦* ወረቀቱ ሙሉ አረንጓዴ ከሆነ ወይ ቶሎ አውጥታችሁታል፣ ወይ ጫፉ ሰምጧል። በአዲስ ቁራጭ ድገሙት። አልኮሉ ገርጥቶ ከቀረ ቅጠሉ አልበቃም ወይም በደንብ አልተጨፈለቀም። ቅጠል ጨምራችሁ ሌላ 30 ደቂቃ ስጡት።

ወረቀቶቹን በደብተሩ ላይ ለጥፉ። ከሥሩ የሳምንቱን ጥቅስ ልጁ በእጁ ይጻፍ። በዚያ ቀን ጽሕፈቱም ሳይንሱም ተሠርቷል ማለት ነው። ሌላ ጽሕፈት አትጨምሩ።

ደረጃ 6፦ ምሽቱን አብሩት

ሲመሽ ቤት ውስጥ ሁሉም በየጥጉ ስክሪን ይዞ ይበተናል። መብራት ከማብራት ጋር አንድ ነገር አያይዙ፦ መብራቱ ሲበራ ሁሉም ሳሎን ይሰበሰባል፣ አንድ ሰው ጮክ ብሎ ታሪክ ያነባል። 20 ደቂቃ። ሌሎቹ እያጣጠፉ፣ እየሳሉ፣ እየሰፉ ማዳመጥ ይችላሉ። የሚያነበው ሰው ከደከመው የተቀዳ መጽሐፍ አጫውቱ።

ቀኑ በጩኸት ከተበላሸ

ይበላሻል። ያን ጊዜ የሚደረገው ይህ ነው፦

1. ደብተሩን ዝጉ። "ለአሥር ደቂቃ አቁመናል" በሉ።
2. እናንተ ከክፍሉ ውጡ። ልጁን አታስወጡት። ውኃ ጠጡ፣ ጸልዩ።
3. ተመልሳችሁ ከልጁ ቁመት እኩል ተቀመጡ።
4. ያጠፋችሁትን በስሙ ጥሩ። "ጮህኩብህ። ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅር በለኝ።" እዚህ ላይ ነጥብ አድርጉ። "ግን አንተም…" ካላችሁ ይቅርታው ጠፋ።
5. ልጁ "እሺ" ካላለ አትጠብቁት፣ አታስገድዱትም። በራሱ ጊዜ ይመጣል።
6. የልጁን ጥፋት ማረም ካስፈለገ ከሰዓት በኋላ፣ ሁለታችሁም ስትበርዱ።
7. ቀኑን በቀላሉ ሥራ ቀጥሉ። ያስለቀሰው ትምህርት ነገ ይመለሳል።

ጳውሎስ በኤፌሶን 6፥4 "አታስቆጡአቸው" ያለው ልጆችን በጌታ ምክር ስለ ማሳደግ በተናገረበት በዚያው ዓረፍተ ነገር ነው። እኔ ይህን ቁጥር ለዓመታት በግማሹ ነበር የማውቀው።

ደረጃ 7፦ በሁለተኛው አርብ ፈትሹ

የደረጃ 1ን ወረቀት አውጡ። አጠገቡ አዲስ ለጥፉ፣ ሁለት ቀን መዝግቡ፣ አወዳድሩ። ሳቅ ከጨመረ ፕሮግራሙን እንዳለ እስከ ወቅቱ መጨረሻ ያዙት። ረብሻው ወደ ሌላ ሰዓት ከተዛወረ ያንን ሰዓት ብቻ አስተካክሉ። ምንም ካልተለወጠ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱና አንድ ትምህርት ጨምራችሁ ቀንሱ። አንድ ልጅ በአንድ ትምህርት ላይ ብቻ ሁልጊዜ የሚያለቅስ ከሆነ ዓይኑንና ጆሮውን አስመርምሩ፣ የንባብ ችግር እንዳለበትም ባለሙያ ይየው። ስንፍና ያልነው ስንት ጊዜ የመነጽር ጉዳይ ሆኖ ተገኝቷል።

ስለ እናንተም አንድ ነገር። ቀኑ ሲያጥር በየዓመቱ የሚመጣ የመንፈስ ጭንቀት አለ። እንቅልፍ መብዛት፣ ምንም ነገር ደስ አለማሰኘት፣ ከአልጋ ለመነሳት መቸገር ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ሐኪም ጋ ሂዱ። በብርሃን፣ በምክርና በመድኃኒት የሚታከም ነው። እምነት ማነስ አይደለም። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ሁለት ሳምንት አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ለሰው ንገሩ፣ እርዳታ ፈልጉ።

ለመጀመር የምትፈልጉት ወረቀትና ፕላስተር ብቻ ነው። ዛሬ ማታ ፍሪጁ ላይ ለጥፉት፤ እርሳሱንም በክር እሰሩበት፣ አለበለዚያ ነገ ጠዋት አታገኙትም።